የቀን መንገድና የሊትር ቁጥር

መኪና የደቡብ ምዕራቡን ምድር ከመርገጡ በፊት ቡና በበቅሎና በሰው ትከሻ ወደ ጅማና ወደ ጎሬ ይጓዝ ነበር። ከጎሬ ጋምቤላ የወረደውን ደግሞ በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ወደ ሱዳን ያደርሱት ነበር፤ ለዚህ ንግድ በር የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1902 ምኒልክና እንግሊዝ የተፈራረሙት ውል ነው። ሲራራ ነጋዴ ርቀትን የሚናገረው በቀን መንገድ ነበር። የአንድ ቀን መንገድ በሜዳ ይረዝማል፣ በዳገት ያጥራል፣ በክረምት ጭቃ ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። ልኩ የበቅሎዋን ጉልበት ከሸክሙ፣ ከመንገዱና ከወቅቱ ጋር አንድ አድርጎ ይዟል። ዛሬ በሸኮ፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ ተሽከርካሪ የሚመርጥ ሰው ከአምራቹ የነዳጅ ቁጥር ይልቅ ይህን የአባቶች ልክ ቢከተል ይበጀዋል።

የአምራቹ ቁጥር የሚወለደው ቤት ውስጥ ነው። አውሮፓ አዲሱን መለኪያ እስከጀመረችበት እስከ እ.ኤ.አ. 2017 ድረስ መኪናው በሚሽከረከር ብረት ላይ ቆሞ ለ20 ደቂቃ፣ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ይነዳ ነበር፤ ዳገትም ጭቃም አያውቅም። ነጻ ተመራማሪዎች በወረቀቱና በመንገዱ ፍጆታ መካከል ያገኙት ልዩነት በ2001 ከ10 በመቶ በታች ነበር፤ በ2015 ከ40 በመቶ አለፈ። አሜሪካ ችግሩን ቀድማ አይታ ከ1985 ሞዴሎች ጀምሮ በአንድ ልክ ነዳጅ ይሄዳል የሚባለውን የከተማ ርቀት በ10፣ የአውራ ጎዳናውን በ22 በመቶ ቀንሳለች። የመለኪያው ታሪክ ራሱ ወደ መንገዱ የመመለስ ታሪክ ነው።

የእኛ መንገድ ግን ከእነዚህ እርማቶችም ይርቃል። ከቴፒ ተነስቶ አዲስ አበባ የሚገባ ቡና በመጨረሻ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ ያውም ጊቤ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ከወጣ በኋላ። አንድ ቶን 1,000 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት ብቻ አንድ ሊትር ያህል ናፍጣ ይፈጃል። 5 ቶን የጫነ አይሱዙ እንግዲህ ለቡናው ከፍታ ብቻ 5 ሊትር ያቃጥላል፤ የራሱ ክብደት ሲታከልበት ይብሳል። በቁልቁለቱ ደግሞ ያ ጉልበት ፍሬን ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክናል።

የመንገዱን ልክ የሚነግረን የሹፌር ወሬ በእግሩ ክብደትና በሞተሩ ዕድሜ ይለያያል፤ ሁሉም መኪና በእኩል የተለካበት ቁጥር ለማወዳደር ይሻላል የሚል አለ። እውነት አለው፤ ተመሳሳይ መኪናዎችን ለመለየት ቁጥሩ ይጠቅማል። ነገር ግን ዳገትና ጭነት ደረጃውን ራሱን ይገለብጡታል። በሜዳ ቆጣቢ የተባለች ትንሽ ሞተር እዚህ በአንደኛ ማርሽ ስታቃስት ትውላለች። ኢትዮጵያ በ2024 የነዳጅ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህም ጥያቄው አልቀረም፤ የኤሌክትሪክ መኪና በአንድ ቻርጅ ይሄዳል የሚባለው ርቀትም የቤት ውስጥ ቁጥር ነው። እርግጥ በቁልቁለት ኃይል መልሶ መያዝ ይችላል፤ ይህንንም የሚያሳየው መንገዱ ነው።

ስለዚህ ገዢ በዚያው መስመር በዚያው ጭነት የሚሠራን መኪና ይፈልግ፤ ታንከሩን ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን ይመዝግብ፣ ሲመለስ እንደገና ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን በሞላው ሊትር ያካፍል፤ በበጋም በክረምትም። ሲራራው በቅሎ የሚገዛው በሄደችበት ዳገት አይቶ ነበርና።