ከምላጭ ወደ መርፌ

ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. በአገራችን ሲጀመር ክትባት ለባላገሩ እንግዳ ነገር አልነበረም። በየአካባቢው ነባር ከታቢዎች ነበሩ፤ ካህናትም ይገኙባቸዋል። ከታማሚ ቁስል መግል ወስደው የጤነኛውን ክንድ በምላጭ ጫር አድርገው ያስገቡለታል። አብዛኛው ሰው ቀለል ያለ ሕመም ታሞ ይድናል፤ ከዚያ ወዲያ በሽታው አይደፍረውም። ጣጣው ግን የሚገባው ራሱ ፈንጣጣ መሆኑ ነው፤ አንዳንዱን ይገድላል፣ ለጎረቤትም ይተርፋል።

እኛ ዘማቾቹ የያዝነው ቫክሲኒያ የተባለ የፈንጣጣ ዘመድ፣ ሕያው ቫይረስ ነበር። ሰውነት በዘመድየው ከሠለጠነ ዋናውንም ይመክታል። ደርቆ በዱቄት መልክ ስለሚመጣ ሙቀት ይችላል፤ በበቅሎ ጭነን ቆላ እንወርድ ነበር። በጥብጠነው፣ ጫፏ እንደ ሹካ የተሰነጠቀች መርፌ ነክረን፣ ክንድ ላይ 15 ጊዜ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ እናደርጋለን። ደም ጠብ ካለች በቂ ነው። ከሳምንት በኋላ ውሃ ይቋጥራል፤ ቅርፊቱ ሲወድቅ ጠባሳ ይቀራል። «እማማ፣ እጅጌዎን ይሰብስቡልኝ» የምለው እሱን ፍለጋ ነበር።

ሁሉም ክትባት እንዲህ በዘመድ ቫይረስ አይሠራም። የኩፍኙ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ የመንጋጋ ቆልፍ ግን ጉዳቱ የተወገደለት የባክቴሪያ መርዝ ብቻ ስለሆነ እየተደጋገመ ይሰጣል።

የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቅ በረሃ፣ ዲሞ መንደር ተገኘ። በ1972 ዓ.ም. ዓለም ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወጀ። ነባሮቹ ከታቢዎች መከላከልን ያውቁበት ነበር፤ በሽታውን ከምድር ለመንቀል ግን እሱኑ የማያዛምት ክትባት ያስፈልግ ነበር።