የለውጥ ማስታወቂያ፦ ከኦስሎ እስከ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች

አንድ መሣሪያ ተሻሽሎ ወሬው ለተጠቃሚው ካልደረሰ መሻሻሉ ራሱ የስሕተት ምንጭ ሊሆን ይችላል። ይህም ጎልቶ የሚታየው የምንጭ ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት በሆነ ሶፍትዌሮች ዘንድ ነው። ነጋዴ ዕቃውን የገዛውን ደንበኛ ያውቀዋል፤ ክፍት ሶፍትዌርን ግን ማንም ወስዶ ስለሚገለገልበት ሠሪዎቹ ብዙውን ተጠቃሚ አያውቁትም። በመካከላቸው ያለው ድልድይ ማስታወቂያው ነው።

የልማዱ ታሪክ ረዘም ያለ ነው። ሪቻርድ ስቶልማን በመስከረም 1976 ዓ.ም. ያስታወቀው የግኑ ሥራ፣ ፕሮግራሞቹ ሁለት ጽሑፎችን ይዘው እንዲወጡ ደንብ አበጀ። አንደኛው ሠሪዎቹ እያንዳንዱን እርማት የሚያሰፍሩበት የለውጥ መዝገብ ነው። ሁለተኛው ተጠቃሚው ሊያውቃቸው የሚገቡ ለውጦች የሚዘረዘሩበት የዜና ጽሑፍ ነው። ብዙ እትሞችን ዘሎ የመጣ ሰው ያመለጠውን ያነብ ዘንድ፣ አሮጌው ዜና ከአዲሱ ሥር እንዲቆይ እንጂ እንዳይሰረዝ ደንቡ ያዛል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን በቅርብ የሚያስረዳው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 የተባለው የጤና መረጃ ሥርዓት ነው። መነሻው ከአፓርታይድ ፍጻሜ በኋላ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረው ሥራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ትውልድ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2006 በሕንድ ኬራላ ግዛት ሥራ ላይ ዋለ። የጤና ሚኒስቴርም በ2010 ዓ.ም. ገደማ ብሔራዊ የሪፖርት መሣሪያው አደረገው። ሠሪዎቹ አዲስ እትም በቁጥር ለይተው ሲያወጡ የተጨመረውን የሚገልጽ ጽሑፍና ሥርዓቱን ለሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች የሚሆን ማስጠንቀቂያ ያያይዛሉ። ድጋፋቸው ለመጨረሻዎቹ ሦስት እትሞች በመሆኑ በአሮጌው እትም ለዘለቄታው መቆየት አያዋጣም። በሌላ በኩል የመረጃ ቋቱ አንዴ ወደ አዲሱ ከተሸጋገረ፣ ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስችለው አስቀድሞ የተያዘ ቅጂ ነው። ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ መቸኮልም ሆነ ፈርቶ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል።

ከሚኒስቴሩ ወዲህ ያለው መንገድ ግን የሠሪዎቹ አይደለም። ከክልል ጤና ቢሮ ወደ ዞንና ከተማ ጽሕፈት ቤቶች፣ ከዚያም ወደ አዳማ፣ ሞጆ፣ ባቱና ሻሸመኔ ጤና ጣቢያዎች መልእክቱን የሚያደርሰው የሙያው ባልደረባ ነው። ወርኃዊ ሪፖርት የሚያስገባው ሠራተኛ ከኦስሎ የወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላያነብ ይችላል፤ ካልተነገረው በስተቀር የሚያየው አንድ ማለዳ መልኩን የለወጠ ቅጽ ብቻ ነው። ሥርዓቱ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር ቢቀበልም፣ ጳጉሜን ከየትኛው ወር ሪፖርት ጋር እንደምትደመር ለሠራተኛው ማስረዳት ከኦስሎ የሚጠበቅ አይደለም። ወባ በሚያሠጋው ስምጥ ሸለቆ የአንድ ወር አኃዝ ያለቦታው ቢገባ፣ የወረርሽኙ ምልክት ሊሰወር፣ መድኃኒቱም ሊዘገይ ይችላል።

እንግዲህ ማስታወቂያ የሥራው ጭራ ሳይሆን የሥራው አካል ነው። ምን ተለወጠ፣ ማንን ይነካል፣ ከዛሬ ጀምሮ ምን ይደረግ ለሚሉት ሦስት ጥያቄዎች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ አጭር መልስ ጽፎ፣ ለውጡ ከመድረሱ አስቀድሞ በየጤና ጣቢያው ማድረስ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ሶፍትዌሩ በነፃ ይገኛል፤ ተጠቃሚው በሙሉ ልብ ሊገለገልበት የሚችለው ግን ለውጡ በሚገባው ቋንቋ ሲነገረው ነው።