«ብርት» ብረት አይደለም



ግእዙን በአማርኛ ጆሮ የሚሰማ ሰው ከሚሰናከልባቸው ቃላት አንዱ «ብርት» ነው። ከአማርኛው «ብረት» የሚለየው በአንዲት ፊደል ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለውን «አርዌ ብርት» የብረት እባብ አድርገው የሚተረጉሙ አልታጡም። ግእዝ ግን ብረትን «ኀጺን» ይለዋል። ልዩነቱ በጎልያድ ትጥቅ ጎልቶ ይታያል፤ ጥሩሩ አምስት ሺህ ሰቅል ናስ፣ የጦሩ ጫፍ ስድስት መቶ ሰቅል ብረት ነበር (1ሳሙ. 17፥5-7)።

ታዲያ ብርት ንጹሕ መዳብ ነው ወይስ ቅይጥ? ዛሬ መዳብ ከቆርቆሮ ጋር ሲቀላቀል አንድ ስም፣ ከዚንክ ጋር ሲቀላቀል ሌላ ስም እንሰጠዋለን። የጥንቱ ቋንቋ ይህን አይለይም። የዕብራይስጡ «ነሖሼት» በዘዳ. 8፥9 ከተራራ ተቆፍሮ የሚወጣ ነው፤ ቅይጥ ደግሞ ከተራራ አይቆፈርም፤ ስለዚህ መዳብ ነው። በ1ነገ. 7፥46 ግን ያው ቃል ለሰሎሞን ቤተ መቅደስ በሸክላ አፈር ውስጥ ለፈሰሰው ዕቃ ይውላል። ቆርቆሮ የገባበት መዳብ በአነስተኛ ሙቀት ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ መልካም ስለሚፈስ፣ በዚህ ቦታ ቅይጡን ማሰብ ይቀላል። የግሪኩ «ከልኮስ»ም እንዲሁ ሁለቱን ያቅፋል። እንግዲህ እባቡ ከየትኛው እንደ ተሠራ ቃሉ ብቻውን አይፈርድም፤ በዚህ መከራከርም ትርፍ የለውም።

ከክርክሩ ይልቅ ቦታውን መመልከት ይጠቅማል። እስራኤል እባቡ ከተሰቀለ በኋላ በኦቦት ሰፈሩ (ዘኁ. 21፥10)፤ የጉዞው ዝርዝር ደግሞ ከኦቦት አስቀድሞ የሰፈሩት በፉኖን እንደ ነበረ ይናገራል (ዘኁ. 33፥42-43)። ፉኖን ዛሬ በዮርዳኖስ አገር ፋይናን የሚባለው፣ የጥንት የመዳብ ጉድጓዶችና የማቅለጫ ዝቃጭ ክምሮች እስካሁን የሚታዩበት ሸለቆ ነው። እባቡ የተሠራው ብርት በሚቆፈርበት አገር አጠገብ ነበር ማለት ነው።

በዚያው ስፍራ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ክርስቲያኖች ስለ ሃይማኖታቸው ተፈርዶባቸው መዳብ ይቆፍሩ ነበር። የታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ የጋዛው ኤጲስ ቆጶስ ስልዋኖስ ከሠላሳ ዘጠኝ ሰዎች ጋር በዚያ አንገቱን እንደ ተሰየፈ ጽፏል። ማዕድኑንም የጠራው በዚያው እባቡ በተጠራበት ቃል፣ «ከልኮስ» ብሎ ነው።