ከጉድጓድ የወጣው ብርሃን

እንግሊዛዊው ደራሲ ዲ. ኤች. ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው «ሰንስ ኤንድ ላቨርስ» በተሰኘው ልቦለዱ ውስጥ አንድ አባት አለ። ቀኑን ከምድር በታች የድንጋይ ከሰል ሲቆፍር ይውልና ወደ ቤቱ ሲመለስ ከምድጃው ፊት ጥላሸቱን ይታጠባል፤ ጀርባውን የምታጥብለት ሚስቱ ናት። ሎውረንስ ይህን ሕይወት በወሬ አላወቀውም። በ1885 በኖቲንግሃምሻየር፣ ኢስትዉድ በምትባል የማዕድን ከተማ የተወለደ የከሰል ቆፋሪ ልጅ ነበር።

በዚያው አውራጃ የሚገኘው ራትክሊፍ ኦን ሶር የተባለው የብሪታንያ የመጨረሻ የከሰል ኃይል ማመንጫ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 ሥራውን አቆመ። በለንደን ሆልቦርን በከሰል የሚሠራው የመጀመሪያው የሕዝብ መብራት ጣቢያ በ1882 ከተከፈተ 142 ዓመት ሆኖት ነበር።

ከሰል ለብሪታንያ ፋብሪካዋ፣ ባቡሯና መርከቧ ነበረ። በ1920 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች እንጀራቸውን የሚያገኙት ከማዕድን ጉድጓዶች ነበር። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። በዲሴምበር 1952 የከሰል ጢስ ከጭጋግ ጋር ተቀላቅሎ ለንደንን ለአምስት ቀናት ሸፈናት፤ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችም አለቁ። የንጹሕ አየር ሕግ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1956 ነው።

ይሁንና ጉድጓዶቹን የዘጋቸው ለአየር መታሰቡ አልነበረም። በማርች 1984 የማዕድኑ አስተዳደር 20 ያህል አክሳሪ ጉድጓዶችን ለመዝጋት ማቀዱን ሲያስታውቅ ታላቁ የሥራ ማቆም አድማ ተቀሰቀሰ። አድማው አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ያለ ስምምነት ተቋጨ። በሎውረንስ አውራጃ አብዛኞቹ ቆፋሪዎች ሥራቸውን አላቋረጡም ነበር፤ በዚህም ጎረቤት ከጎረቤት፣ ወንድም ከወንድም ተቆራረጠ። አድማውን የመታውም ያልመታውም ግን በመጨረሻ ከመዘጋት አልዳነም። የኖቲንግሃምሻየር የመጨረሻው ጉድጓድ ቶርስቢ በ2015 ተዘጋ።

ሁለተኛው ስንብት ዝግ ብሎ መጣ። በ1990ዎቹ የተፈጥሮ ጋዝ የከሰልን ቦታ ይሻማ ጀመር። በ2008 የአየር ንብረት ሕግ ወጣ፤ ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ከሰል በሚያቃጥሉ ጣቢያዎች ላይ የካርቦን ዋጋ ከበደ። በሰሜን ባሕር ላይም የነፋስ ተርባይኖች ተተከሉ። በ2012 ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ያህሉ ከከሰል ይመጣ ነበር፤ ኤፕሪል 21 ቀን 2017 ግን ብሪታንያ ከ1882 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ቀን ያለ ከሰል አደረች። ጋዙ ዛሬም አልቀረም፤ ጉዞውም ገና አላለቀም።

የራትክሊፍ ሠራተኞች የሚዘጋበትን ጊዜ አስቀድመው ያውቁ ነበር። የመዝጊያው ዘመን ከዓመታት በፊት ተነግሯቸው ነበርና ለቀጣዩ ኑሯቸው የሚዘጋጁበት ጊዜ አገኙ። በ1984 ለቆፋሪዎቹ የተነፈጋቸው ይህ ነበር፤ ብዙዎቹ የማዕድን መንደሮችም ከዚያ ስብራት ለማገገም ዓሥርት ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።

በባሕር ላይ ተርባይን የሚጠግነው የዛሬው ሠራተኛ ማታ ቤቱ ሲገባ ጀርባው ጥላሸት የለበትም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን የከሰልን ዘመን ማብቃት በደስታ ስንናገር፣ ያን ብርሃን ከጨለማ ቆፍረው ያወጡትን፣ በመጨረሻም ያለ ሥራ ከጉድጓዱ አፍ ላይ የቀሩትን ሰዎች ብንረሳ ታሪኩን በግማሹ ብቻ አነበብነው ማለት ነው።