ምሳርና ባሕር ዛፍ፤ የአዲስ አበባ ዙሪያ ዛፎች ታሪክ

በደጋው አገራችን ጥዱ፥ ወይራው፥ ዝግባውና ኮሶው ስለ መመናመኑ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚከሰሰው ባሕር ዛፍ ነው። የአዲስ አበባን ታሪክ በዘመኑ ተራ ብንመረምረው ግን ምሳር ከባሕር ዛፍ ቀድሞ የገባ መሆኑን እናገኛለን።

ከተማዪቱ በ1879 ዓ. ም. ስትቈረቈር መኳንንቱም ሠራዊቱም ለቤቱ ምሰሶና ማገር፥ ለምድጃውም ማገዶ የሚቈርጠው በአካባቢው ከተገኘው የአገር ዛፍ ነበር። ቈራጩ ብዙ ሆኖ ተካይ ስላልነበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንጨት ከሩቅ የሚመጣ ሆነ። ማገዶ ሲያልቅ ከተማ ለቆ መሄድ የቈየ ልማድ ነበርና ዳግማዊ ምኒልክ በ1893 ዓ. ም. ገደማ በስተ ምዕራብ አዲስ ዓለምን ማሠራት ጀመሩ። በኋላ ግን አሳቡ ተለወጠ፤ በዚያ የተጀመረው ቤተ መንግሥትም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

አዲስ አበባን በስፍራዋ ካጸኑት ነገሮች አንዱ በ1880ዎቹ ዓመታት የገባው የአውስትራልያ ተክል፥ ባሕር ዛፍ ነው። በጥቂት ዓመታት ለአጣና ይደርሳል፤ ሲቈረጥ ከጕቶው ያቈጠቍጣል፤ ቅጠሉንም ከብት አይበላውም። ጥድ ግን አባት ተክሎት ልጅ የሚቈርጠው ዛፍ ነው። ስለዚህ ገበሬው ባሕር ዛፍን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት በከተማዪቱ ዙሪያ ባሕር ዛፍ የአገሩን ዛፍ አጠፋው ከማለት ይልቅ ተተኪ አሳጣው ማለት ይሻላል። እንጨት በቅርብ ሲገኝ ጥድና ወይራ ለመትከል የሚያስብ ሰው ጥቂት ሆነ።

የአገሩ ዛፍ በብዛት የተረፈው ጠባቂ ባለው ስፍራ ነው። የመናገሻ ጫካ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ በመጣ ዘር እንደ ተተከለ በአፈ ታሪክ ይነገራል። በጎጃምና በጎንደርም መሬቱ በተራቈተበት ስፍራ ከሩቅ የሚታየው አረንጓዴ ብዙ ጊዜ የደብር ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ ደብሩ አጥር ከሌለው ከብት ገብቶ ችግኙን ይበላል፤ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅም ወራሽ ያጣል። በአንዳንዱ ግቢ ደግሞ ለገቢ ሲባል በቦታው ባሕር ዛፍ ይተከላል።

ስለዚህ ባሕር ዛፍን ከየስፍራው እንንቀል አንልም፤ በገበሬው ጓሮ ለማገዶና ለአጣና ይቈይ። የደብሩ ግቢ ግን ለአገሩ ዛፍ ሊቀር ይገባል። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አድባራት እንደ ተደረገው ግቢውን በድንጋይ ካብ ማጠር፥ ዘሩንም በጊዜው ለቅሞ ማፍላት ያስፈልጋል፤ ጠባቂ ያለው ዛፍ ተተኪ ከሌለው ዕድሜው የአንድ ትውልድ ብቻ ነውና።