ፓኬት ሜሞሪ ውስጥ እንዴት ያርፋል? የአንድ ሥዕል ታሪክ

የኔትወርክ ኮድ ማንበብ ለሚጀምሩ ልጆች መጀመሪያ የማሳያቸው ኮዱን ሳይሆን ሥዕል ነው። ፓኬቱ የት ጀምሮ የት እንደሚያበቃ ሳያዩ ኮዱን መከተል ልፋት ብቻ ነው።

በ1983 እ.ኤ.አ. ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የወጣው 4.2 ቢኤስዲ የተባለ ስርዓተ ክወና ፓኬትን «ኤምባፍ» በሚባሉ 128 ባይት ቁራጮች እያያያዘ ያስቀምጥ ነበር። አቀማመጡን ለብዙዎቻችን በሥዕል ያፍታታልን በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመው የጋሪ ራይትና የሪቻርድ ስቲቨንስ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በሚያሳየው ኮድ ከ128ቱ 20 ባይት ለራስጌ ሲሄድ 108ቱ ለመረጃ ይቀራል። የፓኬቱ የመጀመሪያ ኤምባፍ ተጨማሪ 8 ባይት ስለሚይዝ 100 ይቀረዋል። መረጃው ሲበዛ 2048 ባይት የሚይዝ ክላስተር ይቀጠልለታል።

እኔን የሚማርከኝ በመጀመሪያው ኤምባፍ ከፊት የሚተወው 16 ባይት ክፍት ቦታ ነው። 14 ባይት የሆነው የኢተርኔት ራስጌ በመጨረሻ ሲመጣ መረጃው ሳይነካ እዚያው ይገባል። ዘግይቶ ለሚደርስ እንግዳ መደቡ ላይ ቦታ እንደ መያዝ ነው።

ሊኑክስ ሌላ መንገድ መረጠ፤ ሄድ፣ ዳታ፣ ቴይልና ኤንድ የተባሉ አራት ጠቋሚዎች። ራስጌ ሲጨመር «ዳታ» ወደ «ሄድ» ይጠጋል፤ ራስጌው ሲነሳ ይርቃል። ዛሬ የዚህ አቀማመጥ ሥዕል በመስመርና በፊደል ተሠርቶ ራሱ የሊኑክስ ከርነል ኮድ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሰነዱም ከዚያ ይወጣል። ትክክለኛ ቦታው ይህ ይመስለኛል። ኮዱን የሚነካ ሰው ሥዕሉን ዓይኑ ሥር ሲያገኘው ማስተካከሉን አይዘነጋም፤ ለብቻው የተቀመጠ ሰነድ ግን ቶሎ ያረጃል።