በአንጎል ክፍተቶች ውስጥ የሚያድግ ዕጢና የምስል ምርመራው

በአንጎል ውስጥ ፈሳሽ የሚመነጭባቸውና የሚዘዋወርባቸው 4 ክፍተቶች ይገኛሉ። በእነዚህ ክፍተቶች የሚያድግ ዕጢ እምብዛም ባይከሰትም፣ የፈሳሹን መውረጃ ሲዘጋ ሕይወትን አደጋ ላይ ይጥላል። ጠዋት ጠዋት የሚብስ ራስ ምታት፣ ትውከትና የዕይታ መደብዘዝ ከምልክቶቹ መካከል ሲሆኑ፣ በጨቅላ ሕፃናት ላይ የጭንቅላት መጠን በፍጥነት ይጨምራል።

እርግብግቢቱ ባልተዘጋ ሕፃን ላይ የክፍተቶቹ መስፋት በአልትራሳውንድ ሊታይ ይችላል። ሲቲ ስካን የፈሳሽ መጠራቀምንና በዕጢው ውስጥ ያለን የካልሲየም ክምችት፣ ኤምአርአይ ደግሞ የዕጢውን መነሻና ወሰን ያሳያል። የዕጢው ዓይነት የሚረጋገጠው ግን በናሙና ምርመራ ነው።

በሞጣና አካባቢዋ የሚኖር ታካሚ በቅድሚያ በሞጣ ሆስፒታል ታይቶ፣ ሐኪሙ ሲወስን እንደ ባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ወዳሉ ሆስፒታሎች በሪፈር ይላካል። ቀደም ብሎ የተነሣቸውን ምስሎች ይዞ መሄዱ ውሳኔውን ያፋጥናል። ራስን መሳት ወይም እየጨመረ የሚሄድ እንቅልፋምነት ከታየ ግን ታካሚው ያለ መዘግየት ወደ ድንገተኛ ክፍል ሊወሰድ ይገባል።